ጠበል የጠጣ ጤና አዳም

ለምወድህ ወንድሜ ለባንተአምላክ ደሞዜ፤
ጅማ።

ክረምቱን እንዴት ወጣኸው? ደኅና ነህ ወይ? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚይዝህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየደገፍህ ነው? ባለቤትህ ውባንተስ እንዴት ናት? የደም ግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ «ዛሬ ደኅና ነኝ» እያለች ትዘልለዋለች? ልጆችህ፣ የልጅ ልጆችህ፣ ጎረቤቶችህ ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? እኔ እህትህ ትእዛዝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እህል እየበላሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሳምሁ፣ በገዛ እግሬ እየሄድሁ ነው። ዓይኔም ድኗል። መዳኑን ያወቅሁት «አይንሽ እንዴት ነው» ብለህ የጻፍኸውን ሳነብ ነው። ዓይን በዐይኑ ዓ እንጂ በአልፋው አ እንደማይጻፍ የኔታ ስንት ቀን ነግረውህ ነበር። ይህን ካየሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልገኝም።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ነገር ግን መስመሩ ይቆራረጣል፤ ሲገናኝም አንተ «እሺ እታለም፣ እሺ እታለም» እያልህ ቶሎ ትሸኘኛለህ። ይህ ነገር ደግሞ በእሺ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥሁ።

የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። ለኅዳር ሚካኤል አዲሱን ቤት ስታስባርክ የእምዬ ጤና አዳም ከደጁ እንዲተከል ፈለግህ። «ቅርንጫፍ ቆርጠሽ በሰው ላኪልኝ፤ ያለ እሱ የእምዬ ልጅ ቤት አይመስለኝም» አልኸኝ። ይህን ሳነብ እምዬ ጉንፋን በያዘህ ቁጥር ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ስታሸትትህ፣ አንተም አፍንጫህን ይዘህ ስትሸሽ ታየኝ። መልሱን ከታች ታገኘዋለህ። እንደ ልማድህ መጨረሻውን አስቀድመህ አታንብብ።

የእምዬ ግቢ ለመንገድ ማስፊያ እንደሄደ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ሥር የነበረውን ጤና አዳም ነቅዬ አንገቱ በተሰበረው ማሰሮዋ ውስጥ ተከልሁት፤ እኔ የምኖርበት የቀበሌ ቤት ግቢው ሲሚንቶ ስለሆነ ከዚያ ሌላ ማረፊያ አልነበረውም። የማሰሮውን ቂጥ በሚስማር እያሽከረከርሁ፣ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ውሃ ጠብ እያደረግሁ፣ ሦስት ቀዳዳ አወጣሁለት። በየቀዳዳው ላይ ገል ሆዱን ወደ ታች አድርጌ ደፋሁ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ የበዛበት አፈር። ማሰሮውንም መሬት ሳይነካ በሁለት ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁት። በክረምት ዝናቡ ባባራ ቁጥር እየወጣሁ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደርገዋለሁ፤ የያዘውን ያንጠፈጥፍና ይመለሳል። ተማሪ ሳለሁ የቤት አያያዝ ያስተማረችን ሴትዮ ማስመሪያዋን ጠረጴዛ ላይ እያጋጨች «ተክል በጥማት ከሚሞተው በጥጋብ የሚሞተው ይበዛል» ትል ነበር። እምዬ ግን ያለ ማስመሪያ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር። ውሃ ይዘን ስንመጣ «ቆይ፣ ጠፈፍ ይበል» ትለናለች። ጠፈፍ። ደረቅም አይደለም፣ እርጥብም አይደለም። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር ከዚህ የሚሻል ቃል አላገኘሁለትም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለዓይኔ ሞራ ቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር የሄድሁት ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ነው። ሦስት ቀን ብዬ ሄጄ፣ ሐኪሙ ለክትትል ሲያመላልሰኝ፣ በኋላም መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ሲዘጋ፣ ወር ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። ያረፍሁት የእህታችን ልጅ ገነት ቤት ነው፤ እንደ እናት ተንከባክባኛለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ቁልፌን የተውሁት ለፋሲካ ነው። ፋሲካን በስም ታውቃታለህ፤ አጥር የምንጋራው፣ ጧፍ እየጠመዘዘች ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ባሏ የሞተባት ሴት። አፏ እንደ እጇ ለጋስ ነው። ለእሷም ስለ እያንዳንዱ ተክል ምን እንደሚደረግ ስምንት ቁጥር አድርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርሁ ጽፌ ሰጠኋት። ቁጥር አንድ፦ ዝናብ ሲኖር ውሃ አይጠጣም። ቁጥር ሁለት፦ ጤና አዳም ዝናቡ ካባራ በኋላ ዘንበል ይደረጋል። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ሳመችውና «በሰላም ይግቡ፣ አያስቡ» አለችኝ።

የተመለስሁት የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግሥት ነው። ዘንቢሌን ሳላስቀምጥ ወደ ማሰሮው ሄድሁ። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆኗል፣ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብዬ ባሸትት ያ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ የለም፤ የረግረግ ሽታ ነው የመጣልኝ። አፈሩ ላይ ውሃ ተኝቶበት ሰማይ ይታይበታል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ከሥሩ ያሉት ሁለት ድንጋዮች ናቸው። ማሰሮው እንደ ጣሪያ ስለሚከልላቸው ከእሱ ካልተንጠባጠበ በቀር አይርሱም፤ ሁልጊዜ በክረምት አረንጓዴ የሚያወጡት ድንጋዮች አሁን አመድ መስለው ደርቀዋል። ከላይ ባሕር፣ ከታች በረሃ።

በአጥሩ በኩል ጠራኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እልል፣ እንኳን ለብርሃን አበቃዎ!» እያለች መጣች። እኔ ሰላምታዋን አልመለስሁም። «ይህን ውሃ እንዲህ ያጠጣው ማን ነው?» አልኋት።

«ውሃ? በማርያም ይዤዎታለሁ እትዬ ትእዛዝ፣ የውሃ ጠብታ አላስነካሁትም! ጠበል ነው እንጂ።»

አንተ «ፀበል» ብለህ እንደምትጽፈው አውቃለሁ፤ በእኔ ደብዳቤ ግን ጠበል ነው። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነበር። በሐምሌ ዝናብ ዘንበል የሚያደርገው ጠፍቶ ጤና አዳሙ ጠወለግ ይላል። ፋሲካ ዓይን በላው ብላ ታስባለች። ከላይ ሰፈር እንቁላል የምትሸጠው ሴት በደጅ ስታልፍ «አቤት ማማሩ!» ብላ ነበርና። ስለዚህ ፍልሰታን ሙሉ፣ አሥራ ስድስቱን ቀን፣ ከቅዳሴ ስትመለስ በጆግ ጠበል እያመጣች ታጠጣዋለች። «ቀዳዳውስ?» ብላት አንገቷን ቀና አድርጋ መለሰችልኝ፦ «ታዲያ ጠበሉ ሲሚንቶው ላይ እየፈሰሰ ውሻ ሲረግጠው ዝም ብዬ ልይ? በሰም ደፈንሁት። ኃጢአቱ በእርስዎ ቤት እንዳይቀር ብዬ ነው!»

«አንቺ ሴት፣ ገደልሽው» አልኋት።

«ጠበል ገደለ ይላሉ እንዴ? እርስዎ የተማሩ ሰው!»

ከዚያ በኋላ ያልሁትን ልጽፍልህ አፍራለሁ፤ ግን እጽፈዋለሁ። «እጅሽ የነካው ሁሉ ይበሰብሳል» አልኋት። ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት ናት፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያስታወስሁት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች።

ወዲያው ሰሙን ነቅዬ ላንጠፈጥፈው ተነሣሁ፤ ማሰሮውን ግን ዘንበል እንዳደረግሁ ሰሙን ሳልነካ ተውሁት። የሚፈሰው ጠበል ነው። የግቢያችን ሲሚንቶ ደግሞ ወደ የት እንደሚያፈስ አንተም ታውቃለህ፤ መጸዳጃ ቤቱ ሥር ነው። ፋሲካን የሰደብሁበት አፌ ሳይደርቅ የእሷ ጥያቄ የእኔ ጥያቄ ሆነ። በጆግ እየቀዳሁ ከላይ የተኛውን ብቻ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ አጠራቀምሁና አደርሁ።

ጠዋት ቄስ ባዩ ዘንድ ሄድሁ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኋቸው ልጅ ናቸው፤ ዛሬ የነፍስ አባቴ ስለሆኑ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ከድሮው ፍርሃት የተነሣ አንቱ ይሉኛል። ሁሉንም ነገርኋቸው። ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። «ጠበል ለኃጢአተኛ ነው እትዬ፤ ጤና አዳም ምን በደለና?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከትልቁ ጽድ ሥር፣ አፍስሱት አሉኝ። ልነሣ ስል ደግሞ «የደፈነው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «እንግዲያ የደፈነችው ትክፈተው። እሷን ሳይዙ እንዳይመጡ» አሉ። ፊቴ ሲጠቁር አይተው ነው መሰለኝ፣ «በማስመሪያ የመቱኝ እጄ እኮ ዛሬም ሲዘንብ ይቆረጥመኛል። ፋሲካንስ በምን መቷት?» አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ደጇ ሄጄ «ቄስ ባዩ ይጠሩሻል» አልኋት እንጂ ይቅርታ አላልሁም። ባጃጅ ጠራን። ማሰሮው ውሃ ጠጥቶ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከብዷል፤ ፋሲካ ታቀፈችው፣ እኔ ባልዲውን ያዝሁ። ባጃጁን የሚነዳው ሰውዬ በቤተ ክርስቲያን መንገድ ሁለት ያኮረፈ ፊት አይቶ «እማማ፣ ሕመምተኛው የታለ?» አለ። እኔን ያላናገረችው ፋሲካ «ይኸው ታቅፌዋለሁ፤ ጉድጓዱን እየዘለልህ ንዳ!» አለችው። ሳቄ መጥቶ ወደ ውጭ ዞርሁ።

ከጽዱ ሥር ሳማ ስለበቀለ ሰው አይሄድበትም። የባልዲውን ጠበል አፈሰስን፤ ማሰሮውን ሥሩ ላይ አጋድመን አስደገፍነው። ፋሲካ ከቀሚሷ ወስፌ አውጥታ ሰሙን ከሦስቱም ቀዳዳ ፈለፈለችው። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ቀጥሎ አንዱ ቀዳዳ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ከዚያ እንደ አተላ የጠቆረ ውሃ ተንዶቀዶቀ። አንዴ ብንገለብጠው ሥሩ ይበጠስ ነበርና፣ ጥቂት ዘንበል፣ ጥቂት ማረፍ፣ እንደገና ጥቂት ዘንበል እያደረግን ሁለታችንም ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጉና ላይ ደመና ከብዶ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን አልዘነበም።

እዚያ ተቀምጬ ያንተ ነገር ትዝ አለኝ። አባባ የገብሱን ማሳ ዘርቶ ሲያበቃ በሬዎቹን ሳይፈታ፣ የክረምቱ ውሃ እንዳይተኛበት በአግድም ፈሰስ ያወጣ ነበር። ከታች ያለው የአያ ደረጄ ማሳ እንዳይጎዳ ብሎ ፈሰሱን እስከ ሸለቆው ድረስ በእግሩ እየለካ ይስበዋል። አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር። አንዱን ፈሰስ በጓልና በጭቃ ገድበህ የቅል ስባሪ ታንኳ አደረግህበት፤ ባሕርህ ስላማረህ ለማንም ሳትናገር አራት ቀን ሰነበትህ። ከግድቡ በላይ ያለው ገብስ ቢጫ ሲሆን አባባ መጣ። እኔ ወዲያው ተናገርሁብህ፤ ሳልጠየቅ። «እሱ ነው! እሱ ነው የደፈነው!» እያልሁ። አንተ ዱላ ጠብቀህ አንገትህን ቀበርህ። አባባ ግድቡን በተረከዙ ናደው፣ ውሃው እስኪያልፍ ቆሞ አየና ወደ እኔ ዞረ። «ፈሰስ ለምን እንደሚወጣ ማን ነግሮታል?» አለኝ። ያን ጊዜ ያጠፋኸው አንተ ሆነህ እኔን ለምን እንደሚጠይቀኝ አልገባኝም ነበር።

ይህን እያሰብሁ ሳለሁ ፋሲካ ማሰሮውን እያየች ተናገረች። «እትዬ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥዕለ ማርያም አጠገብ። ልጣለው አላልሁም።»

«ታዲያ ከለጠፍሽው ለምን አላነበብሽውም?» አልኋት።

«ፊደል አልቆጠርሁም።»

ባንተአምላክ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዳዊት ይዛ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አይቻለሁ፤ በቃሏ እንደምትለው አላወቅሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፊደል ያስቆጠርሁ ሴት፣ ስንቱን ልጅ «ገብቶሃል?» ሳልል የማላልፍ ሴት፣ ለእሷ ስምንት ቁጥር ጽፌ አንዱንም በቃል አልነገርኋትም። ለምን አልነገርሽኝም ብላት «በቀይ አስምረውበት ነበር፤ ምን ብዬ ልመልስልዎ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ እጇ የተናገርሁትን ጭምር። «ተዉት» አለችኝ፤ ግን አልቅሳ ነው ያለችኝ። ይህን ለማንም እንዳታወራ፤ ለውባንተም ቢሆን።

ቤት ተመልሰን ከማሰሮው አወጣነው። ሥሩ ጠቁሮ በእጅ ሲነካ ይሟልጣል። በአንድ በኩል ብቻ፣ ጣት በምታህል ቦታ፣ ነጭ ሥር ቀርቷል። የበሰበሰውን ሁሉ በምላጭ ቆረጥሁና ጉቶውን በደረቅ አሸዋ መልሼ ተከልሁት። ጤነኛ ከሚመስለው ቅርንጫፍ አምስት ቆርጬ በየጣሳው ሰካሁ። እስከ መስከረም አጋማሽ ሦስቱ ጠቆሩ። አራተኛው ለመስቀል ደረቀ። አምስተኛው ያዘ። ጉቶውም ሁለት የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ እንቡጦች አውጥቷል፤ መዳኑን ግን ገና አልምልልህም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፦ ለኅዳር ሚካኤል ጤና አዳም አልልክልህም። የያዘው አንድ ነው፣ እሱንም ለፋሲካ ሰጥቻታለሁ።

ገነት «ከገበያ ገዝተሽ ላኪለት፣ በምን ያውቃል?» ብላኝ ነበር። እውነት ነው፣ ሐሙሲት ገበያ በየእቅፉ ይሸጣል፤ አንተም አሽትተህ ታለቅስ ነበር። በሌላ ሰው እናት ጤና አዳም እንድታለቅስ ግን አልፈልግም።

ለምን ለእሷ እንደሰጠሁ ደግሞ ልንገርህ፤ ቅር ብትሰኝ እውነቱን አውቀህ ቅር ተሰኝ። ከአራት ዓመት በፊት ፋሲካ ቅርንጫፍ ለምናኝ ነበር። «አንቺ ውሃ ታበዢያለሽ» ብዬ ከለከልኋት። ለሌላም የለመነኝ ሰው ነበር፤ አንዱ ግቢ ጥላ ነው፣ አንዱ አፈሩ ዋልካ ነው እያልሁ ለማንም አልሰጠሁም። እምዬ ግን የተጣላቻት ሴት ብትመጣ እንኳ ቆርጣ ሳትሰጥ አትሸኝም ነበር። ያን ጊዜ ሰጥቼ ቢሆን ዛሬ ከአጥሩ ማዶ ሌላ ይኖረን ነበር፤ ያንተም ለበዓልህ ይደርስ ነበር። በዓለም ላይ አንድ ማሰሮ ብቻ እንዲቀረን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰሙ ቀጥሎ የመጣ ነው። ስለዚህ ካሁን በኋላ በሁለት ቤት ይሁን። ጉቶው ከጸና በሚመጣው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ያንተን ቆርጬ እልካለሁ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ እኔው ይዤው እመጣለሁ።

እስከዚያ ማሰሮህን አዘጋጅ። ጅማ ዘጠኝ ወር እንደሚዘንብ አልረሳሁም። የፕላስቲክ አትግዛ፣ ሸክላ ይሁን። ቀዳዳው ከሦስት አይነስ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ጣትህን ያሳልፍ። ገሉን ሆዱን ወደ ታች ድፋው፣ አለዚያ ራሱ ክዳን ይሆንብሃል። ከሥሩ ሳሕን አታስቀምጥ፤ ውባንተ ለቤቱ ወለል ብላ እንደምታስቀምጥ አውቃለሁና ንገራት። ዝናብ ባባራ ቁጥር በግራ እጅህ ጠርዙን፣ በቀኝህ ቂጡን ይዘህ ዘንበል አድርገው፤ ጠብታው እስኪቆም ቁጠር። ጉልበትህን እንዳትጎዳ ወንበር ላይ ተቀመጥ።

ለፋሲካ ግን አልጻፍሁላትም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጣሳውን ይዤ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ብዙ ልናገር አፌ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። እጇን ያዝሁና ጣቷን እስከ አንጓዋ አፈሩ ውስጥ አስገባሁት። «ይህ ነው ጠፈፍ» አልኋት። ዓይኗን ጨፈነች። «አሃ! ሰም እኮ ነው። ለመጠምዘዝ ሲደርስ እንዲህ ነው፤ እጅ ላይ አይጣበቅ፣ አይሰበር» አለች። ከዚያ ጣቷን አውጥታ በነጠላዋ ጠረገችና፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀቴን በአገጯ እያሳየች፣ «ታዲያ እትዬ፣ ይህን ለመንገር ያን ሁሉ ቀለም ምን አስጨረስዎት?» አለችኝ።

ለውባንተ መድኃኒቷን እንዳትዘልል ከብርቱ ሰላምታ ጋር ንገርልኝ። ለአዲስዓለም «አክስትሽ የላክሽውን ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌው ረዝሞ አጥፋዋለች» በልልኝ። ለልጅህ ለዘውዱና ለሚስቱ፣ ለትንንሾቹም በየስማቸው ሰላምታዬ ይድረስ፤ ፊደል የጀመረችው ትንሿ በገዛ እጇ አንድ መስመር ትጻፍልኝ፣ ስሕተቱን እኔ አርሜ እመልስላታለሁ። ፋሲካ ባታውቃችሁም ሁላችሁንም እጅ ነሥታለች፤ ለቤቱ ምርቃት የሚበራ አንድ እስር ጧፍ ልካለች፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባለው ጥቅል ታገኘዋለህ። ሚካኤል ቤትህን የበረከት ያድርግልህ።

እህትህ ትእዛዝ ደሞዜ
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.